አሮጌው ከተማ አዲስ ነው፦ ከአብሮ አደጌ ጋር በፍራንክፈርት

ፍራንክፈርትን የማያውቅ መንገደኛ የለም፤ ከኤርፖርቷ ወጥቶ ያያት ግን ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲመላለስባት ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ የምንኖር ሰዎች በቀኑ መካከል የሚወርድብን እንግዳ ስለማይጠፋ፣ ሁላችንም ሳንመካከር አንድ ዓይነት ልማድ አበጅተናል። እንግዳውን ከባቡር ጣቢያ እንቀበላለን፣ ሱቅ እናስገባለን፣ አንድ ፎቅ ላይ አውጥተን ፎቶ እናነሳለን፣ አበሻ ቤት አብልተን እንሸኛለን። ከተማዋን አሳየን እንላለን። እውነቱን ለመናገር ያሳየነው የዋጋ ቅናሽ ነው።

ባለፈው ሰኔ የመጣብኝ እንግዳ ግን ለዚህ አልተመቸም። የአዲስ አበባው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር አብሮ አደጌ ነው። ሌላ የጀርመን ከተማ ውስጥ ሥልጠና ጨርሶ፣ ማታ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ጠዋት በባቡር ገባ። ሻንጣውን ጣቢያው ውስጥ ካለው መቆለፊያ ሣጥን ከተን እንደወጣን፣ “ፎቁን ተወው፤ ፎቅ እኛም ጋ ሞልቷል። አሮጌውን ከተማ አሳየኝ” አለኝ።

ከባድ ጥያቄ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ፍራንክፈርት መሐል ላይ፣ የእንጨት አጽማቸው በግድግዳው ላይ የሚታይ ከ1,000 የሚበልጡ የመካከለኛው ዘመን ቤቶች ተጠጋግተው ቆመው ነበር። በመጋቢት 1944 በተደጋጋሚ የወረደው ቦምብ ያንን ሁሉ አመድ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ይህች ከተማ ስለ አንድ ነገር መጨቃጨቅ አላቆመችም፤ የፈረሰውን ምን እናድርገው? መልሱ በየሰፈሩ የተለያየ ስለሆነ፣ አሮጌውን ከተማ ማሳየት ማለት ያንን ጭቅጭቅ በእግር መዞር ማለት ነው። ዶሮ ማነቂያ በ2024 ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ እናቱን ዕቃ ያስወጣው እሱ ስለነበር፣ ጉዳዩ ለእሱ የቱሪስት ወሬ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

መጀመሪያ ግን ከጣቢያው ሰፈር መውጣት አለብን። በ1888 የተከፈተው ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊቱ ያማረ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ያለው ሰፈር ግን እንግዳ የሚደበቀው ዓይነት ነው። አስተናጋጆች ብዙ ጊዜ በምድር ውስጥ ባቡር አሻግረው ያሳልፉታል። እኔ በእግር ወሰድኩት። በበር ደረጃ ላይ የተኮራመቱ ሱሰኞች፣ ከእነሱ አጠገብ ክራባት ያሰሩ የባንክ ሠራተኞች፣ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት፣ የፓኪስታን ግሮሰሪ፣ የአበሻ ቡና፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ። ፍራንክፈርት በ1990ዎቹ በጀርመን ከቀዳሚዎቹ አንዷ ሆና፣ ሱሰኞች በንጹሕ መርፌ፣ በጤና ባለሙያ ዓይን ሥር ሆነው የሚወጉበትን ክፍል ከፍታለች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰውየው ዛሬ ሱሱን ባይተው እንኳ ዛሬ አይሙት። አብሮ አደጌ ከሁሉ በላይ የገረመው ግን አንድ ደህና ኮት የለበሱ አዛውንት ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ማስገባታቸው ነበር። ባዶ ጠርሙስ እየፈለጉ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ለመደብር ሲመለስ 25 ሳንቲም ይከፈልበታል፤ ጡረታው የማይበቃው ሰው ከዚህ ይሞላል።

“እዚህም ቆራሌው አለ በለኛ” አለ።

ከባንኮቹ ፎቆች ሥር ስናልፍ፣ እኔው ራሴ ልማዱ አሸንፎኝ አንዱ ላይ አወጣሁት። ከ200 ሜትር ከፍታ ማይን ወንዝን፣ ድልድዮቹን፣ በሩቁ የታውኑስን ኮረብታዎች አየን። ፎቶው ለቤተሰብ ተላከ። ወረድን።

ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከአሮጌው ኦፔራ ነው። በ1880 የተመረቀው ይህ ሕንፃ በ1944 ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ፍርስራሹም ከሠላሳ ዓመት በላይ መሐል ከተማ ላይ ተገትሮ ኖረ። በ1965 ሩዲ አርንት የተባለ ፖለቲከኛ “በጥቂት ድማሚት እናንሳው” የሚል ሐሳብ ጣል አደረገ። ቀልድ ይሁን ምር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ “ድማሚት ሩዲ” የሚለው ስም ግን ተለጥፎበት ቀረ፤ በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሲሆንም ስሙ አልለቀቀውም። ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው በሚሊዮን የሚቆጠር ማርክ አዋጡና ሕንፃው በ1981 እንደገና ተከፈተ። ውጩ የድሮው ነው፤ ውስጡ ዘመናዊ የሙዚቃና የስብሰባ አዳራሽ ነው። ኦፔራ የሚታይበት ቤት ሌላ ነው። አብሮ አደጌ ዙሪያውን ዞሮ ድንጋዩን በመዳፉ ነካ፤ “ይሄስ ፊቱ ደርሷል” አለ።

የጎተ ቤት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ዮሐን ቮልፍጋንግ ጎተ በ1749 የተወለደበት ቤት የወደመው መጋቢት 22 ቀን 1944 ነው። የሚገርመው ጎተ ራሱ የሞተውም መጋቢት 22 ቀን፣ በ1832 ነበር። ኤርንስት ቦይትለር የተባሉት የቤቱ ኃላፊ አስቀድመው የቤቱን ዕቃ፣ ሥዕሎችና መጻሕፍት ከከተማ አውጥተው አስደብቀው ስለነበር፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ቤት የሌለው የቤት ዕቃ ነበር የተረፈው። ቦይትለር ቤቱ ልክ እንደነበረው ይሠራ አሉ። ቫልተር ዲርክስ የተባለው ካቶሊካዊ ጸሐፊ ግን በ1947 አጥብቆ ተቃወመ። የእሱ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፤ ቤቱ በድንገተኛ አደጋ አልጠፋም፤ ጀርመን ራሷ በመረጠችው መንገድ መጨረሻ ላይ ጠፋ። ጥፋቱን ምንም እንዳልተፈጠረ አድርጎ መሸፈን ውሸት ነው፤ ለመሰናበት ድፍረት ያስፈልጋል። ዲርክስ ተሸነፈ። ቤቱ በ1951 ተከፈተ፤ ደረጃው ሲረገጥ እንደ አሮጌ ቤት ይንቋቋል።

አብሮ አደጌ ኩሽናውን፣ የሰማይ አካላትን የሚያሳየውን ትልቁን ሰዓት፣ ጎተ በልጅነቱ የተጫወተበትን የአሻንጉሊት ትያትር አየና ዘበኛዋን በእንግሊዝኛ ጠየቃት። “ይሄ ወለል የእሱ ነው?” እሷም የለመደችው ጥያቄ ስለሆነ ፈገግ ብላ፣ ዕቃው የእሱ እንደሆነ፣ ወለሉ ግን እንዳልሆነ ነገረችው። ስንወጣ፣ “ዲርክስ ልክ ነበር፤ ግን ባይሸነፍ ኖሮ እኔ ዛሬ ምን አይ ነበር?” አለኝ። እኔ እስከ ዛሬ ከዲርክስ ጋር ነኝ። ወደ ቤቱ እንግዳ መውሰዴን ግን አላቆምኩም።

መንገድ ላይ ሳለን ስለ ሌላ እንግዳ አወራሁለት። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአማራ ምድር ሰው በ1652 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለውን ወዳጃቸውን ለመጠየቅ ከሮም ተነስተው ወደ ጀርመን መጡ። የተስተናገዱት ፍራንክፈርት ሳይሆን ጎታ በሚባለው ከተማ፣ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ነው። ሉዶልፍ አማርኛን ከእሳቸው ተማረ። ኋላ ኑሮውን እዚህ ፍራንክፈርት አደረገና በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የመጀመሪያውን የታተመ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እዚሁ አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ መጽሐፉን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞተዋል።

“እኔ አውሮፕላን ልሳፈር ስል ነው ይሄን የምትነግረኝ?” አለ።

ቀኑ ዓርብ ነበርና ምሳ አስቸገረ። የጾም በያይነቱ ላብላህ ብለው፣ ከአገሬ የወጣሁት በያይነቱ ልበላ አይደለም አለኝ። ክላይንማርክትሃለ ወደሚባለው የገበያ አዳራሽ ገባን። በ1954 የተከፈተ፣ ከውጭ ሲያዩት የማይረባ የሃምሳዎቹ ሕንፃ ነው፤ ለእኔ ግን ከከተማዋ ቤቶች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ የቱርክ ወይራ፣ የኢራን ቴምር፣ የጣሊያን አይብ። በዚህ ወቅት አትክልት ሻጮቹ ሁሉ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ጥቅል ይደረድራሉ። ውስጡ ሰባት ዓይነት ቅጠል ነው፤ ፓርስሌ፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ፌጦ የሚመስለው ክሬስ፣ ኮምጣጣው ቅጠልና ሌሎችም። ተከትክቶ ከእርጎና ከአሬራ መሰል ወተት ጋር ሲዋሐድ፣ ፍራንክፈርቶች የሚኮሩበት አረንጓዴ ስልስ ይሆናል። ከተቀቀለ ድንችና ከዕንቁላል ጋር ይበላል። በልማድ ወቅቱ የሚከፈተው በጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ለእነሱ የጾም ምግብ ነው ማለት ነው።

“በወተትና በዕንቁላል?” አለ፤ ፊቱ ላይ የታየው የመናፍቅ ክርክር የሰማ የደብር አለቃ ዓይነት ድንጋጤ ነበር። ድንቹንና ወይራውን በዳቦ በላ።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ግንቦት 18 ቀን 1848 የጀርመን የመጀመሪያው የተመረጠ ብሔራዊ ሸንጎ የተቀመጠበት ሞላላ ሕንፃ ነው። እሱም ተቃጥሎ ነበር። መቶኛ ዓመቱ በ1948 እንዲከበርበት ሲባል፣ ሰው በፍርስራሽ ውስጥ በሚኖርበትና ዳቦ በራሽን በሚታደልበት ዘመን ከሌላው ቀድሞ ተሠራ። አርክቴክቱ ሩዶልፍ ሽቫርትስ የድሮውን ጌጥ መመለስ አልፈለገም። ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ ተወው፤ ሰገነቱን አስቀረው፤ መግቢያውን ዝቅ ያለና ጨለም ያለ አደረገና ሰው ከዚያ ደረጃ ወጥቶ ወደ ብርሃኑ አዳራሽ እንዲገባ አደረገ። የጀርመን የመጻሕፍት ንግድ ማኅበር የሰላም ሽልማት በየዓመቱ የሚሰጠው እዚህ ነው፤ ቺኑዋ አቼቤ በ2002፣ ዚምባብዌያዊቷ ጺጺ ዳንጋሬምብጋ በ2021 ተቀብለዋል። አብሮ አደጌ አዳራሹን ወደደው። ብዙ የማሳያቸው እንግዶች ግን ባዶ ነው ብለው ወዲያው ይወጣሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ጥቂት እርምጃ ወርደን ሮመርበርግ አደባባይ ስንደርስ ግን ቆመና፣ “በቃ! ይሄ ነው!” አለ። ሾጣጣ ጣሪያ፣ የተሻገረ እንጨት፣ በመስኮቱ አበባ። ፖስት ካርድ ላይ የሚታየው ጀርመን። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ የኖረው ሮመር በአንድ በኩል፣ ከፊት ለፊቱ ተደርድረው የቆሙ ባለ እንጨት ቤቶች። ፎቶ አነሳሁትና ነገርኩት። እነዚያ ቤቶች የተሠሩት ከ1981 እስከ 1984 ነው።

“ከእኔ ያንሳሉ ማለት ነው?”

“በብዙ።”

ከዚያ ጀርባ ያለው ደግሞ ከልጁም ያንሳል። ከሮመር እስከ ካቴድራሉ ባለው መሬት ላይ በ1970ዎቹ ከተማው የቴክኒክ ማዘጋጃ ቤት የሚባል ግዙፍ የኮንክሪት ሕንፃ አቁሞ ነበር። ገና ሲሠራ ጀምሮ የተጠላ ሕንፃ ነው። አርባ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰና፣ በቦታው በ2018 አዲሱ አሮጌ ከተማ ተመረቀ። 35 ቤቶች፤ 15ቱ በፎቶግራፍና በአሮጌ ሰነድ እየተመራ በድሮው ቤት አምሳል የተሠሩ፣ የቀሩት በዘመናችን አርክቴክቶች የተነደፉ፣ ግን ጣሪያቸውና ስፋታቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንዲስማማ የታዘዙ። ወጪው ወደ 200 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ከሁሉ የሚያምረው ‘ወርቃማው ሚዛን’ የሚባለው ቤት ነው። መጀመሪያ በ1619 ያሠራው ከኔዘርላንድስ በሃይማኖቱ ምክንያት ተሰዶ የመጣ የቅመማ ቅመምና የጣፋጭ ነጋዴ ነበር። ዛሬ ከተማዋ ጌጤ የምትለው ቤት የስደተኛ ቤት ነው፤ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሳልናገር አላልፍም።

ሥራው ላይ ስንፍና የለም። እንጨቱ በእጅ የተጠረበ ነው፤ ከፍርስራሹ ተርፈው በየግለሰቡ ግቢ የቆዩ የተቀረጹ ድንጋዮች እየተሰበሰቡ ግድግዳ ውስጥ ገብተዋል። ይሁንና በ2018 አንድ የሥነ ሕንፃ ምሁር፣ እንደገና እንሥራ የሚለው ሐሳብ መነሻው ቀኝ አክራሪ ሰዎች ጋ ነው ብሎ ጽፎ አገር ምድሩን አንጫጫ። ሌሎቹ ደግሞ ውብ ነገር መውደድ የማንም ፓርቲ ንብረት አይደለም ብለው መለሱ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የጥንቱ አሮጌ ከተማ በ1930ዎቹ የድሆች ሰፈር ነበር፤ እርጥበት የበላው፣ ብርሃን የማይገባበት፣ ሰው በሰው ላይ የተኛበት። አሁን በዚያው ቦታ ላይ ያሉት 80 ያህል መኖሪያ ቤቶች ፈላጊው ስለበዛባቸው በዕጣ ነው የተሸጡት።

“በዕጣ!” ብሎ ሳቀ። “ኮንዶሚኒየም በለኛ!”

አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እናቱ ከዶሮ ማነቂያ ተነስተው ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ውሃ ሲመጣ ከቧንቧው ይወርዳል። “ዶሮ ማነቂያ ናፈቀኝ ስልህ፣ ለሃያ ሰው አንድ የነበረው ሽንት ቤት ናፈቀኝ ማለቴ አይደለም” አለኝ። “እማዬም ቤቱን አትጠላውም። ግን ጠዋት ተነስታ ማንን እንደምትጠራ አታውቅም። ቡና አፍልታ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትጠጣለች።” ትንሽ ቆይቶ ወደ ቤቶቹ ቀና አለ። “እነዚህ ቤቱን መለሱት። ሰዉንስ?”

መልስ አልነበረኝም፤ ሌላ የማሳየው ቦታ ግን ነበረኝ። ከካቴድራሉ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከ1462 ጀምሮ የፍራንክፈርት አይሁዶች በግንብ ታጥረው እንዲኖሩ የተገደዱበት ጠባብ ጎዳና ነበር። በ1987 ለከተማው የመብራትና የውሃ ድርጅት ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የዚያ ጎዳና ቤቶች መሠረት ከመሬት ወጣ። ከተማው ይቆፈርና ይሠራ አለ፤ ሰዎች ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው አንወጣም አሉ። በመጨረሻ ሕንፃውም ተሠራ፣ የአምስት ቤት መሠረትም ምድር ቤቱ ውስጥ ተጠብቆ በ1992 ሙዚየም ሆነ። ማንም ግን ጎዳናውን ልሥራው አላለም።

ከሙዚየሙ ጀርባ የጥንቱ የአይሁድ መቃብር አለ። የአጥሩ ግድግዳ ላይ ትንንሽ የብረት ኩቦች ተሰክተዋል፤ 12,000 ገደማ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ከዚህች ከተማ ተወስደው የተገደሉ ወይም በስደት ያለቁ የአንድ አንድ ሰው ስም፣ የልደት ቀን፣ የሞት ቀንና የሞተበት ቦታ ተጽፏል። በ1929 እዚህ የተወለደችው አና ፍራንክም በፊደል ተራዋ አለች። የሚጎበኙ ሰዎች ኩቡ ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ። ግድግዳው ረጅም ስለሆነ ሁሉንም የሚያነብ የለም፤ ሰው እየተራመደ አንዱን ቤተሰብ ይመርጥና ከአያት እስከ ሕፃን ያነባል። ከዚህ ወደ ምሥራቅ የሚታየው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ መንታ ፎቅ የቆመበት የቀድሞ የአትክልት ጅምላ ገበያ አዳራሽም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ከ1941 ጀምሮ ወደ 10,000 የሚጠጉ አይሁዶች ወደ ሞት ባቡር ከመጫናቸው በፊት የታጎሩት በምድር ቤቱ ነበር። አዲሱ አሮጌ ከተማ ያለ ሰው ቤቱን መለሰ፤ ይህ ግድግዳ ያለ ቤት ሰውን ያዘ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ግድግዳውን እመርጣለሁ። አብሮ አደጌ ጠጠር ፈልጎ አጣና፣ የሌላ ሰው ወድቆ ያገኘውን አንስቶ መለሰለት።

ማታ ከመሳፈሩ በፊት ‘የብረት ድልድይ’ በሚባለው የእግረኛ መሻገሪያ ወደ ዛክሰንሃውዘን ተሻገርን (ስሙ በርሊን አጠገብ ከነበረው የናዚ ማጎሪያ ጋር ቢመሳሰልም ቦታው ሌላ ነው)። ድልድዩን በ1860ዎቹ የሠሩት ነዋሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ነው፤ በጦርነቱ መጨረሻ የጀርመን ጦር እየሸሸ አፈነዳው፤ በ1946 ቆመ። ስለዚህኛው ጭቅጭቅ አልነበረም፤ ሰው መሻገር ነበረበት።

በዛክሰንሃውዘን መጠጥ ቤቶች የሚቀርበው የፖም ወይን ነው። ሰማያዊ ጌጥ ባለው አመድማ የሸክላ እንስራ ይመጣል፤ ጎኑ ሻካራ በሆነ ብርጭቆ ይቀዳል። ኮምጣጣ ነው። አብሮ አደጌ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ዓይኑን ጨፈነ፤ ከጋዝ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ሲያመጡለት ሦስተኛውን አዘዘ። እዚህ ጠረጴዛው ረጅም፣ ወንበሩ የጋራ ነውና አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴት አጠገባችን ተቀመጡ። ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ቀኑን የት እንዳዋልነው ስንነግራቸው፣ አዲሱ አሮጌ ከተማ የሚሄዱት እንግዳ ሲመጣባቸው ብቻ እንደሆነ አጫወቱን። ታዲያ ያምራል አይደል? አላቸው። ያምራል አሉ፤ ዳቦ የሚሸጥ ግን የለበትም።

ወደ ኤርፖርት በሚወስደው ባቡር ስልኩን አወጣ። የጠጣንበትን ቤት ሒሳብ እያየ መስሎኝ ነበር፤ የዶሮ ማነቂያውን የግቢያችንን ሰዎች ከበሩ ጀምሮ በተራ እየጻፈ ነው። ፖስተኛው፣ ጠላ ሻጯ፣ ከነልጆቿ ዳንቴል የምትሠራው፣ ከእነሱ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው። “ከዚያ ሐኪም ቤት ጽዳት የሚሠሩት እትዬ” አለ። አይደለም፤ እሳቸው ከጉድጓዱ ወዲያ ነበሩ አልኩት። “አንተ ደግሞ! ከጉድጓዱ ወዲያማ ውሻ የነበራቸው ጋሼ ናቸው።” ውሻው የእትዬ ነበር። ኤርፖርት እስክንደርስ አልተስማማንም፤ መግቢያው በር ላይ ለእናቱ ደወለ፤ እሳቸውም ሁለታችንም ተሳስተናል አሉ።